የካዛንቺስ አስፋልትና የጂንካ በጀት

ጥያቄው፦ «የጂንካ ልጅ ነኝ። የምሠራው ካዛንቺስ ነው፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ። ጠዋት ከአራት ኪሎ በእግሬ ስወርድ አስፋልቱም፣ መብራቱም፣ የእግረኛ መንገዱም አዲስ ነው። እናቴን ለሕክምና ያመጣኋት ግን ከጂንካ እስከዚህ ድረስ ነው። መንግሥት በየዕቅዱ ‹ፍትሐዊ የክልሎች ልማት› ይላል። ይህ ነገር እውነት በዕቅድ ይመጣል? ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ማን ነው፣ በምን ስሌት? እዚህ አስፋልት የሆነው የኛ ድርሻ ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ካዛንቺስ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ከጂንካ ድጎማ ተቀንሶ የመጣ አይደለም። «ስለዚህ ቅሬታሽ መሠረት የለውም» ማለቴ ግን አይደለም። ቅሬታሽ ልክ ነው፣ አድራሻው ነው ሌላ።

አዲስ አበባ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ግብር ሰብሳቢ፣ የራሷ በጀት አላት። ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ቢሆንም ለክልሎች ከሚከፋፈለው ጥቅል ድጎማ፣ ማለትም ለምን እንደሚውል ክልሉ ራሱ ከሚወስነው የፌዴራል ገንዘብ፣ አትቋደስም። ድሬዳዋ ትቋደሳለች። አዲስ አበባ ወጪዋን የምትሸፍነው በዋናነት ከራሷ ግብር፣ ከመሬት ሊዝና ከአገልግሎት ክፍያ ነው።

አሁን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አድርጊ። የ2017 የፌዴራል በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ለክልሎች ድጎማ የተያዘው 222.7 ቢሊዮን ነው። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለከተማዋ ያጸደቀው በጀት 230 ቢሊዮን ገደማ ነበር። የአንድ ከተማ በጀት ለክልሎች ሁሉ ከተከፋፈለው ድጎማ በለጠ ማለት ነው። በ2018ም እንደዚያው ነው፤ ድጎማው ወደ 315 ቢሊዮን፣ የአዲስ አበባ በጀት ወደ 350 ቢሊዮን። ክልሎች ከድጎማው በላይ የራሳቸው ገቢ ስላላቸው ንጽጽሩ ሙሉ እንዳልሆነ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና አይጠፋሽም። ግን ነገሩ የት እንዳለ ያሳያል።

አዲስ አበባ ይህን ያህል መሰብሰብ የቻለችው ነዋሪዋ ከሌላው ይልቅ ታታሪ ስለሆነ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ ንግዱ በሐዲዱ ላይ ተደረደረ። ቤተ መንግሥቱ እዚህ ነበር፣ ባንኩም፣ ፈቃድ ሰጪውም። ዛሬም ከውጭ ንግዳችን አብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል። ፋብሪካ የሚተክል ሰው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ብዙ መራቅ አይፈልግም። ዋና መሥሪያ ቤቱን ደግሞ የሚከፍተው ሚኒስቴሮቹ ባሉበት ከተማ ነው። ሥራው ጂንካ ባለችበት በደቡብ ኦሞ ሆኖ መዝገቡ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ስንቱ ነው! ደመወዝ የሚሠራው እዚህ፣ ኦዲት የሚደረገው እዚህ፣ ግብሩም የሚታየው እዚህ። ፌዴራሉና ክልሎች አብረው የሚካፈሉት የጋራ ገቢ ክፍፍሉ ተሻሽሎ የክልሎች ድርሻ ከፍ ማለቱ ይህን በመጠኑ አቃልሎታል፣ ግን አላጠፋውም።

ወደ ስሌቱ ልግባ። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው እሱን ነው። እኔ ግን ከጠቅላላው ሥርዓት የተሻለው ክፍል እሱ ነው ባይ ነኝ።

ጠቅላላውን የድጎማ መጠን በዓመታዊው የበጀት አዋጅ የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለየክልሉ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ግን ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 62 ይህን ሥልጣን ለእሱ ሰጥቶታል። ገንዘብ ሚኒስቴር ከፋይ ነው። ብዙ ሰው እሱን ይወቅሳል እንጂ ቀመሩ የእሱ አይደለም።

ቀመሩ ድሮ ቀላል ነበር። የሕዝብ ብዛት ትልቁን ክብደት ይይዛል፣ የልማት ደረጃና ክልሉ ገቢ ለመሰብሰብ ያደረገው ጥረት ይጨመራሉ፣ አለቀ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን አካሄዱ ተቀየረ። አሁን ለእያንዳንዱ ክልል ሁለት ነገር ይሰላል። አንደኛው የወጪ ፍላጎቱ ነው። ትምህርቱን፣ ጤናውን፣ ግብርናውን፣ ውኃውን፣ መንገዱን፣ አስተዳደሩን ከሌላው ጋር በሚቀራረብ ደረጃ ለማካሄድ ስንት ይፈልጋል? ሁለተኛው የገቢ አቅሙ ነው። ልብ በይ፣ የሰበሰበው ሳይሆን መሰብሰብ የሚችለው። ይህ ብልሃት ነው። በሰበሰበው ቢሰላ ኖሮ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ክልል በድጎማ ይሸለም ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የክልሉን ድርሻ ይወስናል። ጠቅላላው ብር ክፍተቶቹን ሁሉ ስለማይደፍን ያለው በየክፍተቱ ልክ ይከፋፈላል።

እንግዲህ ስሌቱ ደህና ነው ካልኩ ችግሩ የት ነው? ሦስት ቦታ አየዋለሁ። አንዱ አንቺን በቀጥታ ይነካል።

አንደኛው፣ ቀመሩ የሚያየው ክልልን ነው። ዞንና ወረዳ አይታዩትም። «ታዳጊ ክልሎች» ሲባል አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላና ቤንሻንጉል ጉሙዝ ናቸው። ልዩ ድጋፍ ሲታሰብ ስማቸው ይጠራል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 89 ወደኋላ ለቀሩት ልዩ ድጋፍ ይደረግ ይላል። ደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ነው፣ ሩቅ ነው፣ ቆላ ነው፣ መንገዱ ጥቂት ነው። ግን ክልል አይደለም። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ሰፊ የደቡብ ክልል አንድ ጥግ ነበር። ክልሉ በአማካይ ሲታይ ደህና ነው፤ የናንተ ድህነት በሌላው ደህንነት ተሸፍኖ ይቀራል። ከአዲስ አበባ የወጣው ብር ሐዋሳ ከደረሰ በኋላ ለዞንና ለወረዳ የሚከፋፈለው በክልሉ በራሱ ቀመር ነበር። አሁን ክልሉ ደቡብ ኢትዮጵያ ሆኗል። ማዕከሎቹም ስድስት ከተሞች ላይ ተበትነዋል፣ ጂንካም አንዷ ናት። ቢሮ ወደ ከተማሽ መምጣቱ ለሆቴልና ለቤት ኪራይ ገበያው መልካም ነው። ክልሉ የሚጠቀምበት ቀመር ርቀትን ይቆጥራል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው።

ወረዳ የደረሰው ብር ደግሞ በአብዛኛው ደመወዝ ነው። የመምህሩ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ይህ ብክነት አይደለም፣ ያለ እነሱ አገልግሎት የለም። ግን ከዚያ ለድልድይ፣ ለጉድጓድ ውኃ፣ ለክፍል ግንባታ የሚተርፈው እፍኝ ነው። የወረዳ አስተዳዳሪ ‹በጀት የለኝም› ሲልሽ ብዙ ጊዜ አልዋሸሽም።

ሁለተኛው የድጎማው ድርሻ እየቀነሰ መሄዱ ነው። በ2016 ከጠቅላላው 801.6 ቢሊዮን ለክልሎች የሄደው 214 ቢሊዮን ነበር፤ ከሩብ በላይ ነው። በ2017 ወደ 23 በመቶ ወረደ። በ2018 በጀቱ ወደ 1.93 ትሪሊዮን ሲዘል የድጎማው ድርሻ 16 በመቶ ገደማ ሆነ። በብር ጨምሯል፣ በድርሻ ወርዷል። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የዕዳ ክፍያው፣ የነዳጅና የማዳበሪያው ድጎማ፣ የደመወዝ ጭማሪው ሁሉ የፌዴራሉን መደበኛ ወጪ አሳብጦታል። ቀመሩ የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን የሚከፋፈለው ዳቦ ካነሰ ፍትሑም ያንሳል። ፌዴሬሽን ምክር ቤት ውስጥ ቀመሩ ላይ የሚደረገው ክርክር ሁልጊዜ የጋለ ነው። ጠቅላላ መጠኑ ላይ ግን ያን ያህል ሲከራከሩ አይሰማም። ይህ ሁሌም ይገርመኛል።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ የፌዴራሉ የካፒታል በጀትና የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ወጪ ነው። ዋና መንገድ፣ ግድብ፣ ኃይል ማስተላለፊያ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የባንክ ብድር። እነዚህ በቀመር አይከፋፈሉም። የአንድን አካባቢ ዕጣ የሚለውጡት ግን እነዚህ ናቸው። ፌዴሬሽን ምክር ቤት አሁን የመሠረተ ልማት ሥርጭቱን ፍትሐዊነት የመከታተል ሥራም አለው። ቢሆንም መከታተል ሌላ፣ መወሰን ሌላ።

እዚህ ላይ ነው ዕቅድ የሚባለው የሚመጣው። በዕቅድና በጀት ሥራ ላይ የቆየ ሰው እንደመሆኔ የማምነውን በግልጽ ልንገርሽ፤ ዕቅዶቻችን የሚጻፉት በዘርፍ ነው፣ በቦታ አይደለም። ለስኳር ይህን ያህል ቶን፣ ለኃይል ይህን ያህል ሜጋዋት፣ ለመንገድ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር። ሰነዱን ገልብጠሽ «ደቡብ ኦሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ምን ትመስላለች?» ብትዪው መልስ የለውም። ዘርፉ ዒላማውን ይመታ ዘንድ የሚቀለው ቦታ ላይ ይሠራል። የሚቀለው ቦታ ደግሞ ያው የባቡር መስመሩ ነው።

ይህ የአንድ መንግሥት አመል አይደለም። በንጉሡ ዘመን ከ1950 ዓ.ም ጀምሮ ሦስት የአምስት ዓመት ዕቅዶች ነበሩን። የመጀመሪያው ሲዘጋጅ የዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች አግዘዋል። ፋብሪካው አዲስ አበባና አካባቢዋ፣ አስመራ፣ ድሬዳዋ ላይ ተከማቸ። በሦስተኛው ዕቅድ ዘመን ግብርና ላይ ትኩረት ተደረገና ጭላሎና ወላይታን የመሰሉ የተመረጡ አካባቢዎች የልማት ድርጅት ተቋቋመላቸው። ቦታ መርጦ የመሥራት ሙከራ ነበር። የተመረጡት ግን ድሮውንም ዝናብና ለም መሬት የነበራቸው ናቸው። ደርግ የ10 ዓመት መሪ ዕቅድ በ1977 ጀመረ። ዕቅዱ ሳያልቅ መንግሥቱ አለቀ። ከዚያ ሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች መጡ፣ ከ2003 እስከ 2012። አሁን ደግሞ ከ2013 እስከ 2022 የሚዘልቀው የ10 ዓመት ዕቅድ ላይ ነን። የሚመራው ኮሚሽን የነበረውና በ2014 ሚኒስቴር የሆነው ፕላንና ልማት ነው።

ያንቺ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ በመጥፎ በኩል። በመጀመሪያው የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አገሪቱ በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር ታመርታለች ተባለ። ለዚህ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ እናንተው ጋ ያለው ኦሞ ኩራዝ ነው። ከዚያ በላይ በኩል በኦሞ ወንዝ ላይ ጊቤ ሦስት ግድብ ተሠራ፣ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ በ2009 የተመረቀ። በካርታ ላይ ብታዪው ደቡብ ኦሞን የሚያህል የፌዴራል ገንዘብ የፈሰሰበት የዳር አካባቢ ጥቂት ነው። ግን ዒላማው የስኳርና የኃይል ነበር። ደቡብ ኦሞ የተመረጠችው ወንዝና ሜዳ ስላላት ነው። ስኳሩ ከዒላማው እጅግ ወደኋላ ቀረ። ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መስመር ገባ። የወንዙን ሙላት እየጠበቀ ዳርቻው ላይ የሚያርሰውና ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ኑሮ ደግሞ ተናጋ። ፋብሪካው ውስጥ ሙያ ለሚጠይቀው ሥራ ሰው የመጣው በብዛት ከሌላ አካባቢ ነው፤ እዚያ የሠለጠነ አልነበረማ። ዕቅዱ ከቦታው ቢነሳ ኖሮ መጀመሪያ የሚሠራው ማሠልጠኛው፣ የእንስሳት ጤናው፣ የገበያ መንገዱ ነበር። ፋብሪካው ከዚያ ይደርስ ነበር።

የግብር ማበረታቻውም ከዚሁ አይለይም። በ2005 በወጣው ደንብ ጋምቤላ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ ሶማሌ፣ ከአዋሽ ዳርቻ ውጭ ያለው አፋር፣ ቦረናና ጉጂ፣ ደቡብ ኦሞና ሌሎችም አካባቢዎች የሚሠራ አዲስ ባለሀብት ከግብር ነፃ ዘመኑ ካለቀ በኋላ ለሦስት ዓመት የ30 በመቶ ቅናሽ ያገኝ ነበር። በወረቀት ያምራል። ግን የትርፍ ግብር ቅናሽ የሚጠቅመው ለሚያተርፍ ነው። መብራት በየቀኑ ለሚጠፋበትና ዕቃው መንገድ ላይ ለሚያድርበት ሰው 30 በመቶ ምኑ ነው?

የኢንዱስትሪ ፓርኮቹ ደህና ሐሳብ ነበራቸው። ሐዋሳ፣ ኮምቦልቻ፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ብርሃን፣ ሰመራ። ቢያንስ ቦታ ተመርጦ ነው የተሠሩት። የሐዋሳው በ2008 ተመርቆ ለአሥር ሺዎች፣ በተለይ ለወጣት ሴቶች፣ ሥራ ሰጠ። ዳሱ ተሠራ፣ ልጆቹ የሚያድሩበት ቤት ግን አልተሠራም። ደመወዙ የቤት ኪራዩን አልችል አለና ብዙዎቹ ገብተው ወጡ። ከዚያ በጦርነቱ ምክንያት በ2014 የአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ ገበያ ሲዘጋ ትልልቆቹ ገዢዎች ሄዱ።

ታዲያ በዕቅድ አይመጣም ማለቴ ነው? አይደለም። የተሳካባቸው ቦታዎች አሉ፣ እነሱን ማየት ይበጃል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን ውሰጂ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ሕጉ አጭር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ፣ ሁለት ሠራተኛ። ቀበሌው ደብረ ዘይት አጠገብ ይሁን ሐመር ውስጥ፣ ሕጉ አንድ ነው። በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ተሰማሩ። ጥራቱ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፣ ግን ደርሷል። ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው። ደርግ ሲወድቅ ዛሬ ኢትዮጵያ በምንላት ውስጥ አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፣ ጂንካም አላት። ስለ ምሩቃኑ ሥራ አጥነት አታስነሺኝ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሥርጭቱ ግን ሚዛናዊ ነው። በሁለቱም ዕቅዱ የተነሳው ከቦታ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ጤና ኬላ እናንተ ጋ ደርሶ ስፔሻሊስት ሐኪም ያልደረሰው ለምንድን ነው? የሆስፒታሎቹ መመዘኛ የሕዝብ ብዛት ስለሆነ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው ያገለግላል፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን። በ1999ኙ ቆጠራ ደቡብ ኦሞ 570 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት። ዛሬ በእጥፍ ጨምራለች ብንል እንኳ ለስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መመዘኛ አትበቃም፣ ከሃያ ዓመት በኋላም አትበቃም። ስለዚህ ታካሚው በሪፈር ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ መጨረሻው ጥቁር አንበሳ ነው። ሕጉን የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም። የቆጠረው ሰው ነው፣ ኪሎ ሜትር አልቆጠረም። «ማንም ታካሚ ከዚህ ሰዓት በላይ ሳይጓዝ ስፔሻሊስት ያግኝ» የሚል መመዘኛ ቢኖር ኖሮ ጂንካ ተራዋ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

ቆጠራውን ካነሳሁ አይቀር፣ ይኸው የ1999ኙ የመጨረሻው ነው። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። አራተኛው ተራዝሞ ተራዝሞ እስካሁን አልተደረገም። ቀመሩ፣ የሆስፒታሉ መመዘኛ፣ የትምህርት ቤቱ ቁጥር ሁሉ የቆመው በግምት ላይ ነው። አርብቶ አደር በሚኖርበት አካባቢ ግምቱ የበለጠ ይስታል፤ ሰዉ ይንቀሳቀሳላ።

«ምን ላድርግ?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነሽና እጅሽ ላይ ያለ ነገር አለ። ወረዳዎች በጀታቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ የመለጠፍ አሠራር አላቸው። አገርሽ ስትገቢ ሰሌዳውን ፎቶ አንሺው። ደመወዙ ስንት፣ ሥራ ማስኬጃው ስንት፣ ካፒታሉ ስንት እንደሆነ ለዪ። ከዚያ የዞኑን ፋይናንስ መምሪያ የክልሉ ቀመር ለወረዳዎች ምን ምን እንደሚቆጥር ጠይቂ፤ ርቀትና የአሰፋፈር መራራቅ ክብደት አላቸው ወይ? የፌዴራሉን ደግሞ ከበጀት አዋጁ ጋር የሚወጣው ዝርዝር ያሳይሻል፣ ፕሮጀክቶቹ በየመሥሪያ ቤቱ ተዘርዝረው ነው የሚገኙት። በየአካባቢው የደመራቸው ስለማታገኚ ራስሽ በኤክሴል ደምሪያቸው።

ጊዜውን ግን እወቂበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል ብለሽ ሰኔ ላይ ብትጠይቂ ሁሉ ነገር አልቋል። የበጀት ጥሪው የሚወጣው በጋ ላይ ነው፣ መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን አስገብተው የሚያስረዱበት የበጀት ስሚ የሚካሄደው ከዚያ በኋላ ነው፣ ግንቦት ላይ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ይደርሳል። የዞንሽን ተወካይ ማነጋገር ካሰብሽ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሁን፣ ሠርተሽ የደመርሽውን ሰንጠረዥም ይዘሽ።